የቤት ቁመት በምን ይለካ?

በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ አንዲት አጭር ትእዛዝ ትገኛለች። ብዙ ሰው እያነበበ ያልፋታል እንጂ ቆም ብሎ አያስተውላትም። ትእዛዟ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ የምታስገድድ ናት፤ ምክንያቷንም አልሸሸገችም፤ ከዚያ ላይ ሰው ወድቆ ቢሞት ባለቤቱ በደሙ እንዳይጠየቅ ነው። ልብ ብለን ብንመረምራት፣ ቤቱ ይህን ያህል ክንድ ይርዘም ወይም ይጠር አትልም። የምትጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም ቤት ከፍ ባለ መጠን በላዩ ስለሚወጣውና በሥሩ ስለሚያልፈው ሰው ነፍስ የሚያስብ ማን ነው? የሚለውን ነው። እኛም ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ ፎቅ ቤቶች ቁመትና ስለ ከተሞቻችን መልክ ለመጻፍ ስንነሣ የምንይዘው መለኪያ ይህችው ናት።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን ዋና መንገድ ይዞ በእንጅባራና በዳንግላ የሚያልፍ መንገደኛ፣ በጭቃና በማገር ከተሠሩት ባለ ቆርቆሮ ቤቶች መካከል የአርማታ ዓምዶች ብቅ ብቅ ሲሉ ያያል። የባሕር ዛፍ ርብራብ ይቆማል፤ ሶሌታ ይሞላል፤ ትናንት አንድ ደርብ የነበረው ቤት ሁለት ሦስት ይሆናል። በእንጅባራ ዩኒቨርስቲው በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ የኪራይ ቤት ፈላጊው በዝቷል። በየዓመቱም ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ወደ ከተማዪቱ የሚገባው እንግዳ ብዙ ነው። ተማሪ ሲበዛ መኖሪያ፣ እንግዳ ሲበዛ ማረፊያ ይፈለጋል፤ በመካከል ከተማ ያለው ቦታ ግን አይሰፋምና ቤቱ ወደ ላይ ማደግ ይጀምራል። እንግዲህ ፎቅ መሠራቱ ላይቀር፣ እስከ ስንት ይውጣ? በምንስ ይለካ? ብሎ መጠየቅ የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ፋንታ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ረጅም ሕንፃ ባዩ ቁጥር የባቢሎንን ግንብ ይጠቅሳሉ። ይህ ጥቅስ ለእኛ ያለ ቦታው የገባ ይመስለናል። የሰናዖር ሰዎች የተነቀፉት ስማቸውን ለማስጠራት ባደረባቸው ትዕቢት ነው እንጂ ጡብ በጡብ ላይ ስለ ደረቡ አይደለም። ፎቅ ጥቅም ያለው ነገር ነው፤ ጥቅሙንም በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። 40 ቤተ ሰቦች እያንዳንዳቸው በ200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ምድር ቤት ቢሠሩ 8,000 ካሬ ሜትር ይፈጃሉ፤ ይህም መንገዱ ሳይቆጠር ሦስት ቃዳ ከፍ ያለ መሬት ነው። ይህ መሬት ከማን ይወሰዳል? ከከተማው ዳር ድንችና ገብስ፣ ጤፍና በቆሎ ከሚያበቅለው ገበሬ ነው። እነዚሁ 40 ቤተ ሰቦች በአንድ ባለ አምስት ደርብ ሕንፃ፣ በየደርቡ ስምንት ስምንት ሆነው ቢኖሩ ግን አብዛኛው መሬት ለአራሹ ይተርፋል። ከተማ በጭራሽ ወደ ላይ አታድግ የሚል ሰው፣ ሳያውቀው የገበሬውን ማሳ ይፈርድበታል ማለት ነው። ስለዚህ እኛ ፎቅን አንነቅፍም፤ ፎቅ በልኩ ይሁን እንላለን እንጂ።

ልክ የሚለው ቃል ለአባቶቻችን ሥራም እንግዳ አልነበረም። በአክሱም ካሉት ሐውልቶች ታላቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ያለው ወጥ ድንጋይ ነው። ጠራቢዎቹ በርና መስኮት፣ የወለልም ጫፍ እየቀረጹ የ13 ደርብ ቤት አስመስለውታል። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ ሰው ረጅም ቤትን በሐሳቡ ማየት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ታላቅ ሐውልት ዛሬ ተሰብሮ ተጋድሟል። ብዙ መርማሪዎች ሲያቆሙት ሳለ ወይም ከቆመ ብዙ ሳይሰነብት እንደ ወደቀ ይገምታሉ፤ በምድር ውስጥ እንዲቀበር የተተወው እግሩ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር ነበርና። ከእርሱ የሚያንሰው፣ ወደ ጣልያን ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. በቦታው እንደ ገና የተተከለው 24 ሜትር ያህሉ ሐውልት ግን ቆሞ ይታያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው የሚሰጡት ትምህርት ቁመት የሚወሰነው ከታች ነው የሚል ነው።

በላስታ የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ይሰጠናል። ጣራው ከዙሪያው ምድር ጋር ተስተካክሎ፣ ሕንፃው 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ካልቀረበው በቀር አያየውም፤ ቢሆንም ከዓለም ዳርቻ ድረስ ሰው እየተነሣ ሊያየው ይመጣል። አንድ ሕንፃ ለመከበር ከሌላው በላይ መታየት እንደማያስፈልገው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ዛሬ በአገራችን የከፍታ ነገር ሲነሣ ዐይን ሁሉ የሚያርፈው በአዲስ አበባ ላይ ነው። በጥር ወር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቁመቱ 99.9 ሜትር ነው፤ ቁጥሩም በከንቱ የተመረጠ አይደለም፤ ኅብረቱ እንዲመሠረት በሲርት ከተማ የተወሰነበትን ቀን፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1999ን እንዲያስታውስ የታሰበ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሲመረቅ ቁመቱ 209 ሜትር ደረሰ። በዐሥር ዓመት ውስጥ የከተማዪቱ ከፍተኛ ሕንፃ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። በዚያችው ከተማ እንኳ ግን ሰማዩ ያለ ገደብ የተለቀቀ አይደለም። በቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ቁመቱ ይጠየቃል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ በትልልቅ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ከማረፊያው ወለል በ45 ሜትር ከፍ ብሎ የሚዘረጋ የአየር ክልል ከመሰናክል እንዲጠበቅ ያሳስባል። አንድ ሰው በገዛ ቦታው ላይ የሚሠራው ሕንፃ በሰማይ የሚያልፈውን የሌላውን ሰው ነፍስ ይነካልና። የኦሪቷ መከታ በሌላ ልብስ መጣች ማለት ይቻላል።

ለመላው አገራችን ከተሞች ደግሞ ሕግ ወጥቶላቸዋል። በ2000 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የአካባቢ ልማት ፕላን ከሚያመለክታቸው ነገሮች መካከል የሕንፃን ከፍታ ስሙን ጠርቶ አስገብቶታል። ቀጥሎ በ2001 ዓ.ም. የታወጀው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጠውን ማናቸውንም ሕንፃ ከሕዝብ መገልገያዎችና ከፋብሪካዎች ጋር በ“ሐ” ምድብ አኖረው። 12 ሜትር ማለት ምድር ቤቱን ጨምሮ የአራት ደርብ ቁመት ያህል ነው። ከዚያ በላይ የሚወጣ ቤት የአንድ ሰው የግል ነገር መሆኑ አብቅቶ የብዙ ሰው ደኅንነት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። ያው አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ሕግ አውጪው የረጅም ቤት ነገር ደረጃ መውጣት የማይችለውን ሰው እንደሚነካ ተረድቶ ነበር።

ከባሕር ማዶ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተንም ስለዚህ ነገር የምታስተምረን አላት። እ.ኤ.አ. በ1894 በዚያች ከተማ “ካይሮ” የተባለ 50 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የኪራይ ቤት ተሠራ። ጎረቤቶቹ ፈሩ፤ የዚያ ዘመን የእሳት አደጋ መሰላል ከላይኛው ደርብ አይደርስም ነበርና። ጩኸታቸውም ተሰምቶ እ.ኤ.አ. በ1899 የቁመት ሕግ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 በአዲስ ሕግ ተተካ፤ እርሱም እስከ ዛሬ ይሠራል። ብዙ ሰው ሕጉ የወጣው የምክር ቤቱን ጉልላት የሚበልጥ ቤት እንዳይኖር ብቻ ይመስለዋል። የ1910 ሕግ መለኪያ ያደረገው ግን መንገዱን ነው። በንግድ መንገድ ዳር የሚሠራ ሕንፃ ቁመቱ ከፊቱ ካለው መንገድ ስፋት በ20 ጫማ፣ ማለት በ6 ሜትር ያህል ብቻ እንዲበልጥ ፈቀደ፤ በጠቅላላውም ከጥቂት ቦታ በቀር ከ130 ጫማ፣ ማለት ከ40 ሜትር ያህል እንዳያልፍ ከለከለ። ሰፊ መንገድ ላለው ረዘም ያለ ቤት፣ ጠባብ መንገድ ላለው አጠር ያለ ቤት ይገባዋል ማለት ነው። ይህን ደንብ ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌም ቢሆን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ገደቡ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። በዋሽንግተን መካከል ከተማ ቤት ወደ ላይ መደረብ ስለማይቻል ኪራይ እንዲወደድ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ረጃጅሞቹ ሕንፃዎችም ወንዙን ተሻግረው በቨርጂኒያ ምድር በሮስሊን ተሠሩ። ከወገኖቻችንም ብዙዎቹ የሚኖሩት ከገደቡ ውጭ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ነው። እንግዲህ ገደብ የሚያወጣ ሕዝብ የገደቡንም ወጪ አብሮ ማሰብ አለበት።

ፓሪስ ደግሞ ዘግይቶ የመጣ ገደብ ምን እንደሚመስል ታሳያለች። በከተማዪቱ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ሞንፓርናስ የተባለ 210 ሜትር ያህል ማማ ተሠራ። ብዙ የከተማው ሰው አልወደደውምና እ.ኤ.አ. በ1977 በመካከል ከተማው ከ37 ሜትር በላይ እንዳይሠራ ተወሰነ። በኋላ ገደቡ ላላ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ተመልሶ ጸና። ሕጉ ወዲያና ወዲህ ሲል ማማው ግን በቦታው ቆሞ ይኖራል። የተጻፈ ሕግ ይሻሻላል፤ የተሠራ ፎቅ ግን ጫፉ አይቆረጥም። አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። አዲስ አበባ ዛሬ ልታስተካክለው የምትደክምበትን፣ እንጅባራና ዳንግላ ገና በጊዜው ሊያስቡበት ይችላሉ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስና መለኪያዎቹን አንድ ባንድ እንያቸው። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። የእኛ አገር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11ኛው ዲግሪ ግድም ስለሚገኝ፣ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በእኩለ ቀን እንኳ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ትታያለች። በዚያ ወር 20 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ በእኩለ ቀን 14 ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ደግሞ የዚያው ሕንፃ ጥላ ወደ 50 ሜትር ይረዝማል። ለበረኸኛ ጥላ በረከት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ለምትገኘው ለእንጅባራ ግን የታኅሣሥ ጧት ብርድ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። በዚያ ሰዓት እናት ሕፃኗን ፀሐይ ልታሞቅ ትወጣለች፤ ስጡ ይሰጣል፤ ልብስ ይታጠባል፤ ሽማግሌው ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ አጥንቱን ያሞቃል። ከጎረቤት የሚቆም ሕንፃ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊወስደው ይችላል፤ የተወሰደበትም ሰው ካሳ የሚጠይቅበት ካርታ የለውም፤ ፀሐይ በማንም ስም አልተመዘገበችምና። የመንገድ ስፋትንና በቤትና በቤት መካከል የሚተወውን ርቀት ከቁመት ጋር አያይዞ የሚወስን ደንብ ግን ይህን ያልተጻፈ ርስት ሊጠብቅለት ይችላል።

ሁለተኛው መለኪያ ደረጃና ውኃ ነው። ሰዎች ዛሬ “ጂ ፕላስ አራት” የሚሉት ቤት የላይኛው ወለሉ ከምድር 12 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ወደዚያ ለመድረስ 70 ያህል ደረጃ መርገጥ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ብዙዎቹን ሕንፃዎች በዚህ ቁመት ያቆማቸው፣ ያለ አሳንሰር ሰው ሊወጣው የሚችለው በዚህ ግድም ስለሚያበቃ ነው። ይሁንና ለጎልማሳ ቀላል የሆነው ነገር ለእርጉዝ ሴት፣ ለአረጋዊና ለታመመ ሰው ተራራ ነው። የሞተ ሰው አስከሬን በጠባብ ደረጃ ሲወርድ ያየ ሰው፣ ስለ ፎቅ ቁመት ማሰብ የመሐንዲስ ሥራ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። ውኃም እንዲሁ ነው፤ 10 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት አንድ የአየር ግፊት ያህል ኃይል ይፈልጋል። የቧንቧው ኃይል ደካማ በሆነበት ከተማ የላይኛው ደርብ ነዋሪ ያለ ሮቶና ያለ ፓምፕ አይጠጣም፤ ፓምፑም ያለ መብራት አይሠራም። ስለዚህ ከተማዪቱ ውኃዋንና መብራቷን ሳትቆጥር ፎቅ ብትፈቅድ፣ ቤቱ ቆሞ ሰውየው ጀሪካን ተሸካሚ ይሆናል።

ሦስተኛው መለኪያ እሳትና የምድር መናወጥ ነው። ከከተማዪቱ የእሳት አደጋ መሰላል በላይ የሚወጣ ቤት የራሱ ማምለጫ ደረጃና የራሱ ውኃ ሊኖረው ይገባል። የምድር መናወጥንም ነገር ቢሆን አንዘንጋ፤ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ፣ በፎቅ የሚኖሩ ብዙ ሰዎችን በሌሊት ከቤታቸው አስወጥቷል። በዚያ ወቅት ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ ነበር፤ የእኛ ሕንፃ በትክክል ተሠርቷል ወይ? የሚል። ይህ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ፌሮው ከመታሰሩና አርማታው ከመሞላቱ በፊት ነው። ለሦስት ደርብ በተቆፈረ መሠረት ላይ አምስተኛውን የሚደርብ ሰው የአክሱምን የወደቀ ሐውልት ቢያስታውስ መልካም ነበር።

አራተኛው መለኪያ ከአንባብያን ብዙዎቹን በቀጥታ የሚነካው የኪስ ነገር ነው። ስለ ቁመት ገደብ ስንሰማ ሁላችንም የምናስበው ከዚህ በላይ አትውጣ የሚለውን ነው። በብዙ ከተሞቻችን ግን ከዚህ በታች አትሥራ የሚል ገደብም አለ፤ በዋና መንገድ ዳር የሚሠራ ቤት ከተወሰነ ደርብ እንዳያንስ ይታዘዛል። የዚህ ደንብ ሐሳብ መልካም ነው፤ መንገድና ውኃ የተዘረጋበት ውድ ቦታ በአንድ ደርብ ብቻ እንዳይያዝ ነው። ነገር ግን በዋና መንገድ ዳር ከባላቸው በወረሱት የጭቃ ቤት ጠላና እንጀራ ሸጠው ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናትን እናስብ። ጣራቸው አፍስሶ ሊያድሱ ቢሹ ሦስት ደርብ ካልሠሩ አይፈቀድም ቢባሉ ምን ያደርጋሉ? ወይ ለባለ ገንዘብ ይሸጣሉ፤ ወይ ክረምቱን ዝናብ እየመታቸው ያሳልፋሉ፤ ወይ በብድር ጀምረው መካከል ላይ ይቆማሉ።

በየከተማችን ከዓምዶች ጫፍ ላይ እየዛገ ወደ ሰማይ የሚያመለክተው ፌሮ የሚነግረን ይህንኑ ታሪክ ነው። ባለቤቱ ሌላ ደርብ እጨምራለሁ ብሎ የተወው ነው፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ፌሮው ይበላል እንጂ ደርቡ አይመጣም። “ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ” የተባለው ለእንዲህ ያለው ቤት ይስማማል። ጌታችንም ወጪውን ሳይቆጥር ግንብ የጀመረ ሰው የአላፊ አግዳሚ መሣቂያ እንደሚሆን በምሳሌ አስተምሮናል። ይሁን እንጂ ሰውየው ከዐቅሙ በላይ የጀመረው በደንብ ተገድዶ ከሆነ፣ በእርሱ ከመሣቅ ይልቅ ደንቡን መመርመር ይገባል። ደርብን በየጊዜው እየጨመሩ እንዲሠሩ መፍቀድ፣ ለነባር ነዋሪ ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት፣ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ቦታቸውን አጋጥመው በማኅበር እንዲሠሩ መርዳት ይቻላል። ከተማ ያማረ የሚባለው ያለበትን ሰው ሳያፈናቅል ሲያድግ ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው መለኪያ ዐይን ነው። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ብዙውን ጊዜ ከፍ ባለ ቦታ፣ በዛፍ ተከብባ ትሠራለች። መንገደኛ ከሩቅ ጉልላቷን ወይም የዛፎቿን ጫፍ አይቶ ይሳለማል፤ መድረሱንም ያውቃል። ደጅ መሳም የማይችል ሕመምተኛ ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ ወደዚያው ዞሮ ይጸልያል። በመካከሉ ግድግዳ ቢቆም ጸሎቱ አይከለከልም፤ እግዚአብሔር በመስኮት የሚያይ አይደለምና። የከተማው ሰው ሁሉ በጋራ የሚያየው ነገር ግን ያጣል። በኢንዶኔዥያ የምትገኘው የባሊ ደሴት ሕንፃ ከኮኮናት ዛፍ ቁመት እንዳይበልጥ ብላ 15 ሜትር የሚል ገደብ አወጣች። ቀድሞ ኮሶበር ተብላ የዛፍ ስም ይዛ ለኖረችው ለእንጅባራ ዛፍን መለኪያ ማድረግ እንግዳ ሊሆንባት አይገባም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ የዘንገናን ሐይቅና በዙሪያዋ ያሉትን ኮረብታዎች ሊያይ መጥቶ የሲሚንቶ ግድግዳ ብቻ አይቶ ቢመለስ ማን ይጠቀማል? ይህን ስንል ከተማው በሙሉ አጭር ይሁን ማለታችን አይደለም። ረጃጅሞቹ የሚቆሙበት ሰፊ መንገድና ቦታ ተለይቶ፣ ከአብያተ ክርስቲያናት አጠገብ፣ ከፈረስ መጋለቢያው ሜዳ ዙሪያና ወደ ኮረብታዎቹ በሚያሳዩት መንገዶች ላይ ዝቅ ያለ ቁመት ቢወሰን ሁለቱም ይስማማሉ።

እንግዲህ አንባብያን ምን ያድርጉ? የከተማ ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲወያይበት ከላይ የጠቀስነው የ2000 ዓ.ም. አዋጅ አዝዟል። እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ ግን የሚመጣው ጥቂት ሰው ነው፤ የቀረው ሰው “ይህ የመሐንዲስና የባለ ሀብት ነገር ነው” ብሎ በቤቱ ይቀራል፤ ፎቁ ከቆመ በኋላ ደግሞ በየቡና ማፍያው ያማርራል። እኛ የምንመክረው ወንዱም ሴቱም፣ በተለይም የታመመና የደከመ ሰው የሚያስታምሙ እናቶች፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ እንዲሄዱ ነው። በዚያም የሚጠይቁት ጥያቄ ረቂቅ አይደለም። በሰፈራችን እስከ ስንት ደርብ ተፈቅዷል? መንገዱ ስንት ሜትር ነው? ውኃውና የእሳት አደጋ መሰላሉ እስከዚያ ይደርሳሉ? ነባሩ ነዋሪ ዐቅሙ ካልቻለ ምን ይደረግለታል? የሚሉትን አራት ጥያቄዎች ይዞ የሄደ ሰው ብዙ ሥራ ሠርቷል።

ቤት ለመሥራት የተነሣ አባወራ ደግሞ አስቀድሞ ከመሐንዲሱ ጋር ተቀምጦ መሠረቱ ስንት ደርብ እንደሚሸከም በጽሑፍ ይቀበል፤ ያንንም ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጥ፤ ልጆቹ ሊጨምሩበት ሲነሡ ያዩታልና። ከዚያም ወደ ጎረቤቱ ሄዶ፣ “ቤቴን እዚህ ድረስ ላወጣው ነው፤ ፀሐያችሁን ምን ያህል ይነካባችኋል?” ብሎ ይጠይቅ። ይህን ሕግ አያስገድደውም። ነገር ግን በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ ሰዎች ሊነጋገሩበት የሚገባ ነገር ነው። እንዲህ ተነጋግሮ የተሠራ ቤት ሦስት ደርብም ይሁን ዐሥር፣ ኦሪት ያዘዘችውን መከታ ይዞ የቆመ ቤት ነው።